ባንቺአየሁ የከለከለችው ልቅሶ

የባንቺአየሁ ወንድም ውዱ መሞቱን መጀመሪያ የነገረኝ ፈረደ ነው። ፈረደ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ አይጠፋም፣ ምላሱም አታርፍ። እኔ እንኳ ወሬ አልወድም። ግን ምን ላድርግ፣ እግዜር ጆሮን ያለ ክዳን ነው የፈጠረው።

«አያ አለነ፣ የባንቺአየሁ ወንድም ወገራ ላይ ከሞተ ሦስት ወሩ» አለኝ።

«ሦስት ወር? ታዲያ እሷ ስታለቅስ አልሰማን?»

«ማን ደፍሮ ያርዳት? ወንድም የለኝም ትል የለ!»

ሳቅሁ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሳቅሁ። ይህችን ሴት ለማታውቁ ክፉ ሽማግሌ እመስላችኋለሁ፤ ቆዩማ፣ መጀመሪያ እሷን ልንገራችሁ።

ባንቺአየሁ እስራኤል አገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከኛ ቀጥሎ ባለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ነው የምትኖር። እንጀራዋ ኒካዮን ነው፤ ቢሮ ታጸዳለች። ሌላ ደግሞ ማንም የማይከፍላት ሥራ ነበራት፤ የረሆቮት ሐበሻ ልቅሶ በሙሉ በእጇ ነበር። ሰው ሲሞት ሬሳው ከሆስፒታል ሳይወጣ እሷ ታውቃለች። ቤኤር ያዕቆብ ያለውን፣ ራምላ ያለውን፣ ቂርያት ጋት ያለውን በስልክ ትጠራለች። አውቶቡስ ታስመጣለች፣ ድንኳን ታስተክላለች። ከዚያ በር ላይ ትቆምና ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ በልቧ ትይዛለች። እንደኔው ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የአንድን ሰው ዘር እስከ ሰባት ትውልድ ሳትተነፍስ ትወርድልሃለች። ልጁን ሊድር የፈለገ ሁሉ ዝምድና እንዳይኖር መጀመሪያ እሷን ነው የሚጠይቅ።

በማስታወስ ግን እኔን አትበልጠኝም። እኔ በሱዳን በኩል ስንመጣ አብረውን የተነሱትን መቶ አሥራ ሰባት ሰዎች ከነአባታቸው እስከ ዛሬ እቆጥራለሁ። ከፈለጋችሁ አሁን ልጀምር። ተዉት፣ ይቆይ።

ቁጣዋ ዝም ብሎ ከሜዳ የበቀለ አይደለም፤ ይህን እመሰክርላታለሁ። አባቷ ወገራ ውስጥ ቤተ እስራኤል ቀጥቃጭ ነበሩ። ጠዋት ማረሻ ያበጁለት ባለርስት፣ ልጁ የታመመበት ቀን «ቡዳ በላብኝ» ብሎ ጎጇቸውን አቃጠለባቸው። አንዴም አይደለም፣ ሁለቴ። «ክርስትና ተነሱ፣ መሬት እንስጣችሁ» ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ የራሳቸው የሚሉት መሬት ሳይኖራቸው ሞቱ። ታላቁ ልጃቸው ውዱ ግን ክርስቲያን አገባና ተጠመቀ። ያን ቀን አባቷ ራሳቸውን ተላጩ፣ እንደ ሞተ ቆጥረው አለቀሱለት። «ከእንግዲህ ልጄ ባንቺአየሁ ብቻ ናት። ስሙን ሁለተኛ እንዳትጠሪው» አሏት። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንድም አለሽ ወይ ሲሏት መልሷ አንድ ነው፤ «የለኝም»።

እኔና ሚስቴ ትሁን ደግሞ ጌታን አምነናል። ቀድማ ያመነች ትሁን ናት፤ እኔ ነገር ሳልመረምር አልገባም፣ አምስት ዓመት ዘገየሁ። ሰንበት ሰንበት፣ ቅዳሜ ማለቴ ነው፣ ከዋጋዬ ቤት እንሰበሰባለን። ዋጋዬ ባሏ የሞተባት፣ ለመዋዕለ ሕፃናት ምግብ የምታበስል ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከዝንብ አይበልጥም። ሃያ ሰው ብንሞላ ነው። እንዘምራለን፣ ማንበብ የሚችል ያነባል፣ እኔ እሰማለሁ፤ ሲሳሳቱም አርማለሁ። ለሰፈሩ ግን «ሚሲዮን» ነን፤ የአባቶቻቸውን ጎጆ ያቃጠሉት ወገን ነን። አልፈርድባቸውም። እፈርድባቸው ነበር፤ አሁን ቀነስሁ።

የዋጋዬ ቤት ባንቺአየሁ ካለችበት ሕንፃ አንደኛ ፎቅ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ያ ሁሉ ሰው የሚገባና የሚወጣ በሷ ደረጃ ነው። ሰንበት በመጣ ቁጥር አምስት ስድስት ሴት አሰልፋ ከመግቢያው ትቆማለች፤ አንድ ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ዘሩን ትጠራለች።

«አለነ የአድማሱ ልጅ! አድማሱ የተሰማ ልጅ! ተሰማ የገላው ልጅ!» ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ትተፋለች። «የሰባቱም አጥንት ይንቀጥቀጥብህ! አንተ ሽማግሌ፣ ጥርስህ ካለቀ ወዲያ ሃይማኖት ትቀይራለህ?»

«ጥርሴን ተይው፣ ለመንከሱ አንቺ አለሽልን» አልኋት።

የራሷ ሴቶች ሳቁ። በዚያ ሳቅ አንድ ወር ኖሬያለሁ።

እሑድ ጠዋት ደግሞ የረገጥነውን ደረጃ በኤኮኖሚካ ታጥባለች። ኤኮኖሚካ ልብስ የሚያነጣው፣ አፍንጫ የሚያቃጥለው ውሃ ነው። አንድ ጠርሙስ ሙሉ ትደፋበታለች። በረሆቮት እንደዚያ ደረጃ የነጣ ደረጃ አልነበረም። እኔን ሁለት ጊዜ አንሸራቶኛል።

ይህን ሁሉ ይቅር እላት ነበር። ትሁን ሞተች እንጂ።

የኛ ወጣቶች ዘረኝነት በቃን ብለው ቴል አቪቭ ለሰልፍ ከወጡበት ከፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት፣ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ድንኳን ተከልሁ፣ ሦስት መቶ ወንበር አስመጣሁ፤ ወገን አለኝ ብየ። ባንቺአየሁ በየበሩ ሄደች። «እዚያ ልቅሶ የለም» አለች። «እነሱ ከተቀመጡበት እንዳትቀመጡ። የሄደ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ እኔን አይጥራኝ።» ማን ይደፍራል? ሁሉም የሚሞትበት ሰው አለው። ሰባት ቀን ሙሉ አሥራ አንድ ሰው መጣልኝ፤ ዘጠኙ የዋጋዬ ሰዎች ናቸው፣ ያኔ ከዚያ አንበልጥም ነበር። ትሁን አርባ ዓመት በሰው ልቅሶ አልቅሳለች፣ ከሰው በፊት ደርሳ ከሰው በኋላ ተነስታለች። በቀኗ ግን ደረቷን የምትደቃላት ሴት፣ ስሟን እየጠራች ሙሾ የምታወርድላት ሴት አጣች። እኔ ወንድ ነኝ፤ ድምፄ ለዚያ አይሆንም። ወንበሩ እንደተቆለለ መለስሁት።

ስለዚህ ፈረደ ያን ሲነግረኝ ሳቅሁ። ማን አይስቅም?

በሰንበቱ ለዋጋዬ ሰዎች እንደ ጨዋታ አመጣሁት። ዋጋዬ ብቻ አልሳቀችም።

«ሦስት ወር? መርዶ ሳይነገራት?»

«ወንድም የለኝም ላለች ሴት ምን መርዶ አላት?»

«ኧረ አያ አለነ! ነገ ጠዋት እንሄዳለን።»

«እነማን?»

«እኛ። ሌላማ ሦስት ወር ሙሉ አልሄደም።»

አንዱ «የፈላ ውሃ ብትደፋብንስ?» አለ። ዋጋዬም «ለጉንፋኔ ይሆነኛል» አለች፤ እንደሱ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገር። ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ «የሚያረዳው ትልቅ ሰው ነው። አንቱ ነዎት።»

እሽ አልሁ። ቶሎ ነው እሽ ያልሁት። ዋጋዬ መንፈስ ቅዱስ የነካኝ መስሏት እግዜርን አመሰገነች። የነካኝስ ሌላ ነው። ያች ሴት መሬት ላይ ስትወድቅ በዓይኔ ማየት ፈለግሁ። ቃሉን ሳሰላ አመሸሁ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ፤ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ። የሚበላው ተዘጋጅቶ፣ የምትደግፋት ሴት ከጎን ቆማ። ማአሊቱ፣ ሊፍቱ፣ ተበላሽቶ ነበርና ሦስቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፤ ዋጋዬና ሰዎቿ ድስት ይዘው ይከተሉኛል። ይህ ጉልበት ነው የከዳኝ፤ በጉብዝናየ ብርቱካን ማሸጊያው ዘንድ ሁለት ሣጥን በአንድ ትከሻ ነበር የምሸከም። የመናዊው አለቃችን «አለነን አትንኩት፣ ከመኪና ይረክሳል» ይል ነበር። ሙገሳ መስሎኝ ዓመት ሙሉ ደስ ብሎኝ ኖርሁ።

አንኳኳሁ። ባንቺአየሁ ለሥራ ለብሳ፣ የእቃ ጨርቅ ይዛ ከፈተች። ልጅዋ ኬረን ከኋላዋ አለች፤ ነርስነት የምትማር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት።

«ደሞ በማለዳ ትሰብኩ ጀመር?» አለች ባንቺአየሁ።

«ባንቺአየሁ፣ ወንድምሽ…»

«ወንድም የለኝም።»

«እንግዲያው የሌለሽ ወንድም ሞቷል።»

ያሰላሁት ይህን ነው። ከአፌ እስኪወጣ ድረስ ጣፋጭ ነበር።

አልጮኸችም። «መቼ?» አለች።

«ሦስት ወሩ።»

«ማን ነበር ካጠገቡ?»

ይህን አላሰላሁትም። ኬረን «ኢማ፣ ማ ቃራ? ምን ሆነ?» ስትል እናቷ እንደ ተገዘገዘ ዛፍ ወደቀች።

«ውዱዋ! በጀርባህ አዝለህ ወንዝ ያሻገርኸኝ! አባቴ አትጥሪው ቢለኝ፣ ይኸው ሳልጠራህ! ይኸው አርባ ዓመት ሳልጠራህ!»

ዋጋዬ ናት የደገፈቻት። ባንቺአየሁ ዓይኗን ገልጣ በማን እጅ እንዳለች ስታይ ገፈተረቻት፤ «አትንኩኝ!» አለች። የድሮ ቃል ነው፤ አገር ቤት የኛ ሰው ክርስቲያን ሲነካው የሚለው። ብሎም ወንዝ ወርዶ ይታጠባል። ዋጋዬ ለቀቀቻት። አልሄደችም ግን፤ ከደጅ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እኛም ከነድስቱ ተቀመጥን።

እኔ የፈለግሁትን አይቻለሁ፤ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ። ለምን እንዳልሄድሁ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉልበቴ ይሆናል።

በሦስት ሰዓት ሰፈሩ ሰማ፤ ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። መጣና እኛን ደረጃው ላይ አየን። «ማን አረዳት?» ይላሉ። «እነሱ።» የአንዷ ስልክ ጮኸ፣ አንዷ ኩፓት ሆሊም፣ ሐኪም ዘንድ፣ ቀጠሮ አለኝ አለች፣ አንዱ መኪናውን አለቦታው አቁሞ ነበር። እነሱ ከተቀመጡበት አትቀመጡ ብላ ያስተማረቻቸው እሷ አይደለች? ደህና ተምረዋል! በማግሥቱ የመጣ ከፈረደ በቀር የለም፤ እሱም ወሬ እንዳያመልጠው ነው።

ረቢዎቹ ሞቱ ወር ካለፈው አንድ ሰዓት መቀመጥ ይበቃል ይላሉ። እኛ ዘንድ ግን መርዶ የተነገረበት ቀን ነው ሰውየው የሞተ፤ ሰባት ቀን ነው። እሷም ሰባቱን ቀን ልትቀመጥ ቆርጣለች። በየጠዋቱ በሩን ከፍታ «ሂዱልኝ!» ትላለች።

ዋጋዬም «ልቅሶ ነው፣ ተነሱ ሳይባል አይነሱም» ትላለች።

«ይኸው ተነሱ አልሁ!»

«አንቺማ ኀዘንተኛ ነሽ፣ አንቺን ማን ይሰማሻል።»

በሦስተኛው ቀን ባንቺአየሁ በሩን ከፈተች። ዓይኗ አብጧል። ፍርፋሪያችንን፣ የውሃ ብርጭቋችንን፣ የኔን የተዘረጋ እግር ተራ በተራ አየች።

«ደረጃውን አቆሸሻችሁት። ግቡ» አለች።

በአራተኛው ቀን ዋጋዬን «ምን ፈልገሽ ነው?» አለቻት። ዋጋዬ መስበክ አትችልም። የምታውቀውን አንድ ታሪክ ነገረቻት፤ ጌታ ኢየሱስ አልዓዛር የሚባል ወዳጁ ሞቶበት ልቅሶ እንደሄደ።

«ስንት ቀን ሆኖት ደረሰ?» አለች ባንቺአየሁ። ሌላውን ትታ የያዘችው ይህን ነው።

«እህቶቹ ልከውበት፣ በአራተኛው ቀን።»

«አራት ቀን ዘገየ? ልከውበት? ምን ዓይነት ወዳጅ ነው!»

«የሟቹ እህት ማርታም ተቆጣችው።»

«ደግ አደረገች!»

«ከዚያ እሱም አለቀሰ።»

ባንቺአየሁ ጨርቋን አጥፋ ዘረጋች፣ አጥፋ ዘረጋች። «ዘግይቶ መጥቶም አለቀሰ?»

«አለቀሰ።»

ሌላ አልጠየቀችም። እኔ ግን ከጥግ ተቀምጨ ስቃጠል ዋልሁ። ለሷ ሃያ ሰው ደረጃ ላይ ዋለ፤ ለትሁንስ?

በክረምቱ አንድ ሰንበት የዋጋዬ በር እንደ ፖሊስ ተንኳኳ። ባንቺአየሁ ናት። እጇን አጣምራ ከበሩ ሥር ተቀመጠች፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሦስት ሰንበት እንዲሁ። በአራተኛው ከመዝሙሩ መካከል ተነሳች።

«እናንተ! አሥር ሰዓት ብላችሁ አሥር ተኩል ነው የምትጀምሩት። ለእግዜር ነው ወይስ ለጎረቤት? ደግሞ ከማዶ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት ከአልጋ ከዋለች ሳምንቷ ነው። ማን ጠየቃት? አፋችሁን ከፍታችሁ መዝሙር ብቻ!»

«ባታምኝም ልትመሪን መጣሽ?» አልኋት።

«ማመኑንስ አምኛለሁ። ቅጥ ማጣታችሁን ነው ያልቻልሁት።»

እንዲህ ነው ያመነች። ዋጋዬ አለቀሰች፣ ሌላውም አለቀሰ። እኔ «አሁን ጉዳችን ፈላ» አልሁ። በበጋው ባሕር ወርዳ ተጠመቀች። የተጠመቀች ለታ «አባቴን ካድሁት ማለት ነው?» ብላ ዋጋዬን ስትጠይቃት ሰምቻለሁ። ዋጋዬ አላወቀችም። እርጥብ ነጠላዋን ተቀብላ ጨመቀችላት።

እኔ እግዜር ሰውን ሲመልስ አለስልሶ እንደ በግ ነው የሚያደርገው ብየ ነበር የማስብ። ይህችን አላለሰለሳትም። አገር ቤት ጎርፍ ማሳህን ሲበላው ጎርፉን አትገድለውም፣ አትችልማ! ቦይ ቀድደህ ወደ ደረቀው ማሳ ትመልሰዋለህ። ውሃው ያው ነው፣ ድንጋይ ማንከባለሉም ያው ነው። በየበሩ ሄዳ «አትሂዱ» ስትል የኖረች ሴት አሁን በየበሩ ሄዳ «ተነሱ፣ ሂዱ» ትላለች። ማን ታመመ፣ ማን ወለደ፣ ማን ብቻውን ነው፣ ያ ሁሉ በልቧ ነው። ያን ኤኮኖሚካዋን ይዛ ያችን አልጋ የያዘች ሴት መጸዳጃ ቤት ታጥባለች። ሴትዮዋ «ኧረ ያፈነፍነኛል» ብትል «ዝም በይ፣ ፍቅር ነው» ትላታለች።

እኔንም አትተወኝም። «ያላ፣ አያ አለነ፣ ይነሱ!» አንቱ ማለትን ተምራለች፣ ትእዛዙ ግን አልቀነሰም።

«ጉልበቴን ያመኛል።»

«ምላስዎን አያምዎትም፣ በሱ ይምጡ።»

ዕቃ ታሸክመኛለች። ከሕንፃው ምድር ቤት ሰው የማይጠይቀው የሩሲያ ሽማግሌ ነበር፤ ሲሞት አሥራ ሁለት ሰው ጎትታ አስቀመጠችን። አንዳችንም ቋንቋውን አናውቅ። ከሃይፋ የመጣች እህቱ ግራ ገብቷት በዕብራይስጥ «ምኑ ናችሁ?» አለች። ባንቺአየሁም «ጎረቤት» አለችና ያንን ሰው እንደ ወገራ ሰው ደረቷን እየደቃች አለቀሰችለት። እህቱ መጀመሪያ ፈራች። ኋላ እሷም ለቀቀችው፣ አብራት አለቀሰች።

ሰፈሩማ ምን አደረጋት? እሷ እኛን ያደረገችንን። የልቅሶ ስልክ ለሷ መደወሉ ቀረ፤ ሌላ ሴት ያዘችው። አውቶቡስ ጥሏት ይሄዳል። እነዚያ ያሰለፈቻቸው ሴቶች ሰንበት ሰንበት እሷኑ ይጠብቋት ጀመር፤ ዘሯን እየጠሩ። አንድ ቀን አብሬያት ስገባ አምስተኛውን ዘለሉት። ቆመች።

«አምስተኛው እሱ አይደለም፣ ዘለላችሁ! እንደገና ጀምሩ!»

አንዷ «ስንት ከፈሉሽ?» አለቻት።

ባንቺአየሁ ያን ጊዜ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የመለሰች። «አባቴ መሬት ስጡኝ ብሎ አልተለወጠም። እኔም የሰጠኝ የለም። ያለኝን ነው የወሰዳችሁብኝ።»

ከሁሉ የከፋው ኬረን ናት። ቤኤር ያዕቆብ ክፍል ተከራይታ ወጣች። ሻንጣዋን ይዛ ስትወርድ እናቷ ከኋላ እየለመነቻት ነበር።

«ኢማ፣ እነሱን መጥላት ማን አስተማረኝ? አንቺ አይደለሽ?» አለቻት።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ አሁን ማንን ልጥላ?»

ባንቺአየሁ እስከ አውቶቡሱ ሻንጣዋን ተሸከመችላት።

እኔ ይህን ሁሉ አይቸ አዘንሁላት ብላችሁ ካሰባችሁ አታውቁኝም። ዕቃ እሸከማለሁ፣ ሰላም ግን አልላትም። ስትጸልይ ዓይኔን አልጨፍንም። አለነ የተበደለውን አይረሳም፤ አባቴም አይረሳም ነበር፣ ጎንደር ሁሉ ያውቀዋል።

እንዲህ እንዳለን ነው፣ አንድ እሑድ በአሥር ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ባንቺአየሁ ጥቁር ለብሳለች። ሳልላት ገባችና ከመሬት ተቀመጠች።

«ምን ፈለግሽ?»

«ልቅሶ ልደርስ ነው።»

«ማን ሞቶ?»

«ትሁን።»

«ትሁን ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አያ አለነ። ሰው እንዳይደርስላት በየበሩ የሄድሁ እኔ ነኝ። ሰባት ቀን አለብኝ።»

የደህና ሰው አፍ ቢሆን «ኧረ ተነሽ፣ ይቅር» ይል ነበር። እኔ ግን «ተቀመጭ እንግዲህ» አልኋት። ውሃ እንኳ አልሰጠኋት። እስኪመሽ ተቀምጣ ሄደች።

በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስትወጣ መጣች። «ትሁን እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» አለችኝ።

«ጎረቤትሽ አልነበረች? ታውቂያት የለም?»

«አላውቃትም። ስትገባና ስትወጣ ነው የቆጠርኋት።»

አልመለስሁላትም። ዝምታ ለኔ እንዴት ያለ ቅጣት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ።

በሦስተኛው ቀን አልቻልሁም፣ ጀመርሁ። እኔ ከጀመርሁ ማን ያቆመኛል? ሱዳን በረሃ ላይ ትሁን የሌላ ሴት ልጅ የነበረን ሕፃን ከራሷ ልጅ እኩል ውሃ እንዳጠጣች፣ የኛ ሕፃን እንደሞተ፣ ያም ልጅ እንደተረፈ ነገርኋት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን እንደነበር ነገርኋት። ባንቺአየሁ ሁሉን ሰማች። ከዚያ ተነስታ ወገቧን በነጠላዋ አሰረችና ደረቷን እየደቃች አወረደችው፤ «ትሁንየ፣ ሁለት ልጅ ባንድ ኮዳ ያጠጣሽ! ትሁንየ፣ ሳቅሽን በእጅሽ ያኖርሽ!» የነገርኋትን ሁሉ ሙሾ አደረገችው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ቤት የትሁንን ስም በሴት ድምፅ ሲጠራ አልሰማም ነበር። እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ። ለማንም አትንገሩ።

በአራተኛው ቀን ድምፁን የሰሙ ሦስት ሴቶች ከበሩ ላይ ቆሙ፤ ሰንበት ሰንበት ሲሳደቡ ከነበሩት ናቸው። አልገቡም፣ አልሄዱምም። ባንቺአየሁ ዞራ እንኳ አላየቻቸው።

በአምስተኛው ቀን ውሃ ቀድቸ ሰጠኋት። ጠጣችና ብርጭቆውን ከጎኗ አኖረች።

«በቃሽ። የቀረውን ሁለት ቀን ተይው» አልኋት።

«አልተውም። ሰባት ነው።»

«ባለልቅሶው እኔ ነኝ!»

«ቢሆኑስ? ትሁን ምን ትላለች?»

«ትሁንማ መች ያዘችብሽ? አንቺ ደጅ ላይ ዘሯን ስትጠሪ እሷ ውስጥ ገብታ ስላንቺ ነበር የምትጸልይ። የያዝሁት እኔ ነኝ። ሁለቱን ቀን ትቸልሻለሁ አልሁሽ! ስሚኝ እንጅ፣ አንች ሴት!»

«ትሁን ትጸልይልኝ ነበር?»

«በየሰንበቱ። አልነገርሁሽም፣ እንዲቆጭሽ ብየ እንኳ አልነገርሁሽም።»

መሬቱን በእጇ ተደግፋ ተነሳች፣ ነጠላዋን ከወገቧ ፈታች።

«እሽ» አለች።

ሁለቱ ቀን ቀረላት።